«ልጄን ብይ ሊጫወት አይደለም የላክሁት» ለተባለችው መምህርት

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ የ5ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። 58 ልጆች አሉኝ። ዘንድሮ ሳይንስም ደርበሽ ያዢ ተባልኩ። እንቅስቃሴና ፍጥነት ላይ ስደርስ ትርጉሙን አስጻፍኳቸው፤ ሸመደዱት። በማግስቱ ‹ባጃጅና ጋሪ እኩል ሰዓት ገበያ ቢደርሱ ማን ፈጠነ?› ስላቸው በአንድ ድምፅ ‹እኩል ናቸው!› አሉኝ። መቼና ከየት እንደተነሱ የጠየቀኝ አንድ ልጅ የለም። ደንግጬ ሜዳ አወጣኋቸውና ብይ እያንከባለሉ፣ ጎማ እየነዱ እንዲለኩ ሞከርኩ። ጫጫታ ሆነ። አንድ አባት መጥተው ‹ልጄን ብይ ሊጫወት አይደለም የላክሁት› አሉኝ። ሱፐርቫይዘሩም ክፍል መቆጣጠር እንደማልችል ጻፉብኝ። ያለኝ መለኪያ ስልኬና የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ጭራሽ ጎማ ከሚነዱት አንዱ ‹ቲቸር፣ የጎማው አናት ከጎማው ይፈጥናል እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። ወደ ጥቁር ሰሌዳዬ ብመለስ ይሻላል?»

እህቴ፣ ወደ ሰሌዳሽ መመለስሽ አይቀርም፤ ጊዜው ግን ገና ነው። ለሱፐርቫይዘሩና ለአባትየው የምትይውን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ።

እኔም በማስተማር ዘመኔ ትርጉሙን አስሸምድጄ፣ ቀመሩን አስጽፌ፣ ገባቸው ብዬ እንቅልፌን የተኛሁ ሰው ነኝ። ፈተና ላይ «አንዲት ልጅ 100 ሜትር በ20 ሰከንድ ብትሮጥ ፍጥነቷ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ አባዝተው «2,000 ሜትር በሰከንድ» ብለው ጻፉ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ቢሄድ ነው። ልጅቷ ጥይቱን ጥላው ሄዳ፣ ዞራ ትስቅበታለች ማለት ነው። ማባዛታቸው አላናደደኝም፤ ማባዛትና ማካፈል የማይምታታበት የለም። ያንገበገበኝ ቁጥሩን ጽፎ ቀና ብሎ «ኧረ ይሄስ አይሆንም» ያለ ልጅ መጥፋቱ ነው። ቁጥሩና እግራቸው አይተዋወቁም ነበር። ያላስተዋወቅኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንቺ የጀመርሽው ማስተዋወቁን ነው። የጎደለሽ ሥርዓቱ ብቻ ነው።

ከሜዳው በፊት ከቃል ጀምሪ። በዚህ በኩል አማርኛ ለጋስ ነው። ሰው ያዘግማል፣ ይገሠግሳል፣ ሶምሶማ ይላል፣ ይንፏቀቃል። ሕፃን ይድሃል። ፈረስ ይሰግራል፣ ይጋልባል። ድንጋይ ይንከባለላል፣ ሳሙና ይንሸራተታል፣ እንዝርት ይሽከረከራል፣ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል፣ ኳስ ይነጥራል፣ ወፍ ውልብ ትላለች። ልጆችሽ እነዚህን ሁሉ ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል፤ መጽሐፉ ግን «ተንቀሳቀሰ» በምትል አንዲት ቃል ያልፋቸዋል። ጠረጴዛሽ ላይ ብይ፣ ደብተርና ቆርኪ አስቀምጪና በተራ ግፊያቸው። ብዩ ተንከባለለ፣ ደብተሩ ተንሸራተተ። ቆርኪውን በሆዱ ሲገፉት ይንሸራተታል፣ በጠርዙ ሲያቆሙት ይንከባለላል። እዚያ ላይ ይጨቃጨቁ፣ ተያቸው። እንዝርት የምታመጣ ልጅ ካለች አሹሪውና «ሄደ ወይስ አልሄደም?» በያቸው። ቦታውን ሳይለቅ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ያኔ ራሳቸው ይነግሩሻል።

ቀጥሎ «ከምን አንጻር?» የምትለዋን ጥያቄ አስለምጃቸው። መናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠሽ የጎን አውቶቡስ ሲነሳ ያንቺ ወደ ኋላ የሄደ መስሎሽ አያውቅም? ልጆቹም ያውቁታል። መስኮት ዳር ተቀምጠው ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ አይተዋል። «ተሳፋሪው ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው?» ብለሽ ክፍሉን ለሁለት ክፈይው። አንዱ ወገን ሾፌሩን ይሁን፣ ሌላው የመንገዱን ምሰሶ። ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ሲያዩ የሚይዛቸው ዝምታ ደስ ይላል። በነገራችን ላይ በትልልቅ ክፍሎች ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ይቺን በልጅነቱ ስላላለፈባት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ባጃጅሽና ጋሪሽ እንምጣ። ልጆችሽ ደንቆሮ ሆነው አይደለም «እኩል ናቸው» ያሉት። ዣን ፒያዤ የሚባል የልጆችን አስተሳሰብ ሲያጠና የኖረ ስዊዘርላንዳዊ ነበር። አልበርት አይንስታይን በ1928 እ.ኤ.አ. ልጆች ጊዜንና ፍጥነትን እንዴት እንደሚረዱ ጠይቆት፣ ፒያዤ ነገሩን ለዓመታት ተከታትሎታል። ከሙከራዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሁለት ዋሻ ይሠራል። ሁለት አሻንጉሊቶች በአንድ ቅጽበት ገብተው በአንድ ቅጽበት ይወጣሉ። ትንንሾቹ ልጆች አንዱ ዋሻ መርዘሙን እያዩም «እኩል ፈጠኑ» ይላሉ፤ እኩል ደርሰዋላ! ዋሻው ተነሥቶ አንዱ ሌላውን ሲቀድመው በዓይናቸው ሲያዩ ግን «ያኛው ፈጠነ» ይላሉ። ለልጅ ፍጥነት ማለት መቅደም ነው። አንቺም በካርቶን ልትሠሪው ትችያለሽ፤ ሁለት የሽቦ መኪናና ሁለት የሚስቡ ልጆች ይበቁሻል። ካርቶኑን ደጋግመሽ አንሺው፣ መልሽው። ይህን ሳያልፉ «ርቀት ሲካፈል ለጊዜ» ማለት ዜማው ሳይገባ ግጥሙን ማስጠናት ነው።

መለካቱ ሲመጣ ሜትሩን ወዲያው አታውጪው። ግቢውን በእርምጃ፣ ዴስኩን በስንዝር ይለኩ። የአንዱ 31፣ የሌላዋ 36 ሲሆን ይጣላሉ። ቀድሞ ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ ገዢው ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ መሄዱን ንገሪያቸው። ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ ያስፈለገው ለዚህ ጠብ መሆኑን ካዩ በኋላ የልብስ ሰፊ ሜትርሽን አውጪ። 150 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሲባጎ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ እያሰርሽ ባለ 10 ሜትር ገመድ ሥሪበት፤ ሜዳ ላይ ከሜትሩ የበለጠ ያገለግልሻል። ሲባጎ ሲወጠር ስለሚለጠጥ ወጥረሽ ቋጥሪው።

ጊዜን ለመለካት አንድ ስልክ ለ58 ልጅ አይበቃም። ስለዚህ ሰዓት ሥሩ። አንድ ብሎን ወይም ድንጋይ በሲባጎ አስረሽ በሩ ላይ ካለ ሚስማር አንጠልጥዪው። ከሚስማሩ እስከ ድንጋዩ መካከል ልክ 1 ሜትር ይሁን። ትንሽ ገፋ አድርገሽ ስትለቂው ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር አንድ ሰከንድ ቆጠርሽ ማለት ነው። 10 ምልልስ ቆጥረው በስልክሽ ያመሳክሩት፣ 20 ሰከንድ ይመጣል። ድንጋዩን በከባድ ለውጪው፣ ያው 20 ነው። «ከበድ ካለ ይፈጥናል» ብሎ የተወራረደው ልጅ ገመዱን ደግሞ ለመለካት ይሮጣል። ሲባጎውን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስታሳጥሪው ምልልሱ 1 ሰከንድ ይሆናል። ሰባት ቡድን ባለ ስምንት ልጅ አድርጊያቸው። ለየቡድኑ አንድ የድንጋይ ሰዓት ስጪ። የሚተርፉትን ሁለት ልጆች ስልክ ያዥ አድርጊያቸው፤ ባለፈው የረበሹሽን ሁለቱን ምረጪ።

ቀጥሎ የምነግርሽን ከሁሉ ይበልጥ እወደዋለሁ። የውሃ ሃይላንድ ፈልጊ። ከታች በኩል በጋለ መርፌ አንዲት ቀዳዳ አብጂለት፤ መርፌውን ራስሽ ያዢ። ውሃ ሞልተሽ ክዳኑን ስታጠብቂው መፍሰሱ ይቆማል። ክዳኑን ጥቂት ስታላሊው ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል። ክዳኑን ቀስ እያልሽ አስተካክይና ጠብታው ከድንጋይ ሰዓትሽ ጋር እኩል ይሁን፤ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ። አሁን አንዲት ልጅ ይዛው ደረቅ አቧራ ላይ ትሂድ። ከኋላዋ አፈሩ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ሜትርሽን አውጪና በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ለኪ። 1 ሜትር ከ20 ከሆነ ፍጥነቷ 1.2 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ማካፈል የለ፣ ቀመር የለ። ክፍተቱ ራሱ ፍጥነቱ ነው። ፈጠን ስትል ነጥቦቹ ይራራቃሉ፣ ዘገም ስትል ይጠጋጋሉ፣ ስትቆም አንድ ቦታ ጭቃ ይሆናል።

ከዚያ ጨዋታውን ገልብጪው። ግማሾቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዙሩ። አንድ ልጅ እንደፈለገ ይሂድ፦ ያዝግም፣ ይፍጠን፣ ይቁም፣ እንደገና ይፍጠን። ሲዞሩ ነጥቦቹን ብቻ አይተው እንዴት እንደሄደ ይናገሩ። «እዚህ ጋ ቆመ፣ እዚህ ጋ ደነገጠና ሮጠ!» ይሉሻል። እረኛ የጠፋ በሬ ዱካ ሲያነብ እንደሚሆነው ሲሆኑ ያን ጊዜ ታያለሽ። ከሠፈር ልጆች የኩሽኔታ ጋሪ ያለው አይጠፋም። ሃይላንዱን ጋሪው ላይ እሰሪ፣ ጠብታውን አፍጥኚው፣ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ሳትገፉት ልቀቁት። ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ቁልቁለቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚሰፋው በየጊዜው ያህል ለያህል ነው። ጋሊሊዮ ከ400 ዓመት በፊት ኳስ ተዳፋት ላይ እያንከባለለ ያገኘው ይህንኑ ነው። የሰከንድ ሰዓት ስላልነበረው ከዕቃ የሚፈስ ውሃ እየመዘነ ነበር ጊዜውን የሚለካው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ሃይላንዱ ሲጎድል ጠብታው ስለሚዘገይ ቶሎ ቶሎ ሙዪው። አለበለዚያ ጋሪው የፈጠነ መስሎ ያታልላችኋል።

ሩጫም አሩጫቸው፤ የኢትዮጵያ ልጅ ሳይሮጥ ፍጥነት ተማረ አይባልም። 50 ሜትር ለኩ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች፤ ለያንዳንዱ 50 ሜትር 9.4 ሰከንድ ይደርሰዋል። ከልጆችሽ የሚደርሱባት ይኖራሉ፤ ሲደርሱባት ይፈንጥዙ። ቀጥለሽ «አሁን ይህንኑ ሳትቆሙ 844 ጊዜ» በያቸው።

ሰዓት ያዡ መድረሻው ላይ ይቁም። አስጀማሪው ነጠላ ያውርድ፣ ሰዓት ያዡም ነጠላውን አይቶ ይጫን እንጂ «ሂድ!» የሚለውን ድምፅ አይጠብቅ። ድምፅ 50 ሜትር ለመድረስ ከሰከንድ አሥረኛ በላይ ይፈጅበታል፤ ጣትም ለመጫን ሁለት አሥረኛ ያህል ትዘገያለች። ለዚህ ነው ሌላ ሁለት ስልክ ተውሳችሁ አንዱን ሩጫ ሦስት ልጆች ለክተው መካከለኛውን የምትወስዱት። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 27፡18.20 ለ27፡18.29። ስልክ በያዘ ጣት ቢለካ ወርቁ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ግራፍ ላይ ስትደርሺ አንድ ጉድጓድ አለ። ጊዜን አግድም፣ ርቀትን ሽቅብ አድርገሽ ስትስይው ቀጥ ብሎ የወጣውን መስመር አይተው «ዳገት እየወጣ ነው» ይሉሻል። ግራፉ የመንገዱ ሥዕል ይመስላቸዋል። ብዙ ሳታብራሪ በእግር አስነብቢያቸው፦ አንዱ ግራፍ ይሳል፣ ሌላው እያየ ክፍሉ ውስጥ ይሂደው። አግድም የተኛው መስመር ላይ ሲደርስ መራመዱን ከቀጠለ ጓደኞቹ ይጮኹበታል፤ እዚያ ላይ መቆም አለበታ።

ሌላው የኛው የራሳችን ጣጣ የሰዓት አቆጣጠር ነው። «አውቶቡስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 2 ሰዓት ተኩል አዲስ አበባ ገባ፤ ስንት ሰዓት ፈጀ?» ብትዪ ከ12 ላይ 2 ተኩል ቀንሰው 9 ሰዓት ተኩል የሚሉሽ አይጠፉም። በጣት ይቁጠሩት፦ 12፣ 1፣ 2፣ ተኩል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መንገዱን 130 ኪሎ ሜትር ብትይዪው በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሾፌሩ ግን ጉዞውን ሁሉ በ52 አልነዳም፤ የቆመበት አለ፣ የበረረበት አለ። ስለ አማካይ ፍጥነት ከዚህ በላይ ለ5ኛ ክፍል አያስፈልግም።

ቀመሩን በስተመጨረሻ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጻፊው። ያኔ የሚያውቁት ነገር ስም አገኘ ማለት ነው። የኔን የ100 ሜትር ጥያቄ ስጪያቸው። 2,000 የሚል ከተገኘ የሚስቁበት ጓደኞቹ ናቸው።

ሱፐርቫይዘሩን አትሽሺያቸው። ጫጫታው እውነት ነበር፤ 58 ልጅ ሥራ ሳይከፋፈል ሜዳ ወጥቶ ነበርና በዚያ አልፈርድባቸውም። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ዕቅድሽን፣ የቡድን ዝርዝሩንና ልጆቹ የሚሞሉትን ሠንጠረዥ አስቀድመሽ አሳያቸው። ከ40ው ደቂቃ ሜዳ ላይ የምትቆዩት 15ቱን ብቻ ይሁን፤ የቀረው ክፍል ውስጥ ለመጻፍና ለመከራከር ነው። ሲመጡም ከጥግ ቆመው እንዲያዩ አትተያቸው፤ የድንጋይ ሰዓት አስይዣቸው። ቆጠራ የጀመረ ሰው ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ስለሚጠነቀቅ ማስታወሻ ለመጻፍ እጅ አይተርፈውም።

አባትየው ሌላ ናቸው። እሳቸው የተናገሩት ለልጃቸው ሳስተው ነው፤ ብዙ ከፍለው ነው ልጁን የላኩት። እንዳትከራከሪያቸው። «አባቴ፣ እውነትዎን ነው፣ ብይ ሊጫወት አልመጣም» በያቸውና የልጁን ደብተር አምጪ። ከዚያ ልጁን ራሱን ጠይቂው፦ «አባትህ መንገድ ሲሻገሩ ባጃጅ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢመጣ፣ በሰከንድ ስንት ሜትር ነው?» 10 ሜትር ነው። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ባጃጁ ከክፍላችሁ ርዝመት የማያንስ መንገድ ሄዷል። ልጁ ይህን በራሱ አፍ፣ በደብተሩ ላይ ከለካው ጋር እያነጻጸረ ሲነግራቸው አንቺ ዝም በዪ።

የጎማ ነጂው ጥያቄ ቀረ። «አላውቅም፣ አብረን እንየው» ማለት ነበረብሽ፤ አሁንም አልረፈደም። ልጁ ልክ ነው። ጎማው ሲንከባለል አናቱ ከመካከሉ በእጥፍ ይፈጥናል፤ መሬት የነካው ቦታ ደግሞ ለዚያች ቅጽበት ቆሟል። ይህን በቃል ብትነግሪው አያምንሽም፣ ባያምንሽም አይፈረድበትም። ባዶ የቲማቲም ጣሳ ጠረጴዛ ላይ አጋድሚ። ረጅም ማስመሪያ አናቱ ላይ አጋድመሽ በመዳፍሽ ሳታንሸራትቺ ወደ ፊት ግፊው፤ ጣሳው ከሥሩ ይንከባለላል። ጣሳው የተነሣበትንና ማስመሪያው የተነሣበትን በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ጣሳው አንድ ስንዝር ሲሄድ ማስመሪያው ሁለት ስንዝር ሄዶ ታገኚዋለሽ። ለምን እንደሆነ አትንገሪው። ጣሳውንና ማስመሪያውን ስጪውና ወደ ቤቱ ይዞት ይሂድ፤ የሚልሽን ጻፊልኝ።